የአራተኛው በር መርከበኛ

ጋሽ ሽፈራው የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የደወለችልኝ ኦክላንድ ውስጥ ይኖሩበት የነበረው የአረጋውያን አፓርትመንት ማናጀር ናት። መጀመሪያ ስሜን አረጋገጠች፣ ከዚያ አዝናለሁ አለች፣ ከዚያ ወረቀት ስታገላብጥ ሰማኋት። ሲገቡ በሞሉት ፎርም ላይ፣ አስቸኳይ ነገር ቢያጋጥም የሚጠራ ሰው በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነበር። ዝምድና በሚለው ሳጥን ውስጥ "ጋዜጠኛ" ብለው ሞልተዋል።

"ቤተሰብ የላቸውም?" አለችኝ።

"ልጅ አላቸው። ሳኒቬል ነው የሚኖረው።"

ሳኒቬል፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ከኦክላንድ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለጋሽ ሽፈራው ከእኔ በቀር እንግዳ ሲመጣ አላየችም።

"ያውቃል?" አለች።

"እኔ እደውልለታለሁ።"

ያ ስልክ ከአንድ ዓመት በፊት መደወል ነበረበት። ቁጥሩ ነበረኝ። ያልደወልኩት ቃል ሰጥቼ ስለነበረ ነው። ስለ ጋሽ ሽፈራው ስጽፍ ከዚህ የምጀምረው ለዚህ ነው፤ እሳቸው የማረሚያ ጽሑፍ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ ሲወጣ አይወዱም ነበር። ስህተት ከፊት ይጻፍ ይሉ ነበር።

የተዋወቅነውም በስህተት ነው። በዚህ አካባቢ በሚታተም የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስለ ሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ አንድ ጽሑፍ አወጣሁ፤ በውስጡ የጥንት አውሮፓውያን አሳሾች ወሽመጡን በመርከብ መጥተው አገኙት የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ስልክ ተደወለ።

"የወሽመጡን ነገር የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አዎ። ማን ልበል?"

"የእኔ ማንነት ይቆይ። ወሽመጡን በመርከብ ያገኘው ሰው የለም። በእግር ነው የተገኘው። አስተካክል።"

እንዲህ ዓይነት ስልክ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል። "ምንጭዎ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

ድምፃቸው ለሰለሰ።

"እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቅህማ መጥተህ እይ። ወደቡ ጋ፣ አራተኛው በር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለሁ።"

አራተኛው በር ኮንቴይነር የሚከማችበት ግቢ መግቢያ ነው። የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ሾፌሩ ወረቀቱን በመስታወት ስር ያሳልፋል፣ ዘበኛው መዝግቦ ያስገባል። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጡት ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የጥበቃ ሠራተኛ ሸሚዛቸው የማዕረግ ልብስ እስኪመስል የተተኮሰ። ጠረጴዛቸው ላይ ባይኖኩላር፣ የአየር ግፊት መለኪያ፣ በክር የታሰረ እርሳስና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረ። ሌላው ዘበኛ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሬዲዮና የቺፕስ ከረጢት ነው የሚያስቀምጠው።

አገር ቤት ሳሉ የንግድ መርከብ ሁለተኛ መኮንን ነበሩ። እዚህ ወደብ ላይ ከመርከባቸው ወርደው ቀሩ። የመርከብ ትምህርታቸው እዚህ ዋጋ አላገኘም፤ ስለዚህ ከመርከብ ሳይርቁ የሚሠሩትን ሥራ ያዙ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያነቡ። ከዚያ ወደ ጉዳያችን ገቡ።

"ስማ። የስፔን መርከቦች ከዚህ ወሽመጥ አፍ ፊት ለፊት ሲያልፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ድሬክ ከዚህ በስተሰሜን፣ ጎረቤት ሊባል በሚችል ቦታ መርከቡን ጠግኗል። አላዩትም። ጭጋግ አለ። ጭጋጉ ባይኖርም ከውስጥ ያሉት ደሴቶችና ከጀርባ ያሉት ተራሮች ተጋጥመው አፉን ይዘጉታል፤ ከሩቅ ስታየው አንድ ግድግዳ ነው። አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርህ።"

ዋናው እንዲህ ነበር። ከእነዚያ ስፔናዊ አዛዦች አንዱ፣ ከዚህ በስተደቡብ ሞንተሬይ የተባለውን ባሕር ዳር አይቶ ለንጉሡ ሰዎች ሪፖርት ጻፈ። ሰፊ ወደብ፣ ከነፋስ ሁሉ የተከለለ፣ ተወዳዳሪ የሌለው አለ። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ያንን ጽሑፍ የያዙ እግረኞች ወደቡን ፍለጋ ከደቡብ መጡ። ደረሱበት። አሸዋው ላይ ቆሙ። ያዩት ግን ነፋስ የሚገርፈው ክፍት ባሕር ነው። ይህ ሊሆን አይችልም አሉና አለፉ። አልፈው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ኮረብታ ወጡና ይህን ወሽመጥ አዩ።

"ስህተቱ የማን ነው?" አሉኝ።

"ቆመው ያላወቁት ናቸው" አልኩ።

"አይደለም። አሳምሮ የጻፈው ነው።" በእርሳሳቸው ጫፍ መስታወቱን መታ መታ አደረጉ። "አሳምረህ አትጻፍ። ፈላጊው አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።"

ማረሚያውን በሚቀጥለው እትም አወጣሁ። ንግግራቸውን ለጋዜጠኛ የተሰጠ ምክር አድርጌ ወሰድኩት፤ ጥሩ ምክር ነበር። ስለ ራሳቸው እየተናገሩ እንደነበረ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መሄድ ለመድኩ። ሥራዬ ወደዚያ ስለሚወስደኝ ነው እል ነበር። አይወስደኝም።

ደብተራቸው የመርከብ ውሎ መዝገብ ነው። ወደቡ አልጠየቃቸውም፤ ቀጣሪያቸውም የራሱ መዝገብ አለው። የእሳቸው ለራሳቸው ነው። በግራው ገጽ ያዩትን ይጽፋሉ፦ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ጭጋጉ እስከ የት እንደሚያሳይ፣ የገባና የወጣ መርከብ፣ በሩ ላይ የሆነ ነገር። በቀኙ ገጽ የመሰላቸውን ይጽፋሉ። አንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። አንድ ቀን "ሾፌሩ ተናዶ ገባ" ብዬ ሳነብላቸው፣ እንዲያውም ራሳቸው የጻፉትን፣ ላጲስ አውጥተው "ተናዶ" የሚለውን አጠፉ። "በሩን በኃይል ዘጋ" ብለው ጻፉ። መናደዱን ወደ ቀኝ ገጽ ወሰዱት።

"ስንቱ መርከብ የጠፋው" አሉ፣ "ካፒቴኑ የመሰለውን ካየው ጋር አንድ ገጽ ላይ እየጻፈ ነው።"

ሰባት ቁጥርን ሁልጊዜ ወገቧ ላይ በአጭር መስመር ይቆርጧታል። የእኔን ማስታወሻ አይተው፣ "ይቺ አንድ ናት ሰባት?" ብለው ያፋጥጡኛል። "በአንዲት ሰባት ምክንያት ድንጋይ ላይ የወጣ መርከብ አውቃለሁ። ቁረጣት።" እስካሁን እቆርጣታለሁ።

ከገጹ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ መስመር አለ፦ "ያነጋገርነው"። በድሮ ጊዜ ሁለት መርከቦች ባሕር መሃል ሲገናኙ ቀርበው ወሬ ይለዋወጡ ነበር፤ ከየት መጣችሁ፣ ምን አያችሁ፣ ማን ሞተ። በመዝገባቸውም ዛሬ ይህን መርከብ አነጋገርን ብለው ይጽፋሉ። ጋሽ ሽፈራው ከሰላምታና ከወረቀት ያለፈ ቃል የተለዋወጡትን ሰው እዚያ ይጽፉ ነበር። ገጾቹን ሳገላብጥ አብዛኛው "የለም" ይላል። የለም። የለም። የለም። ሐሙስ ላይ የእኔ ስም አለ። ከዚያ የለም።

"ብቻዎን እየሆኑ ለምን 'ያነጋገርነው' ይላሉ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"የመዝገብ ደንብ ነው" አሉና ወደ ውጭ አዩ።

እሑድ ከሰዓት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ካፌ ይመጣሉ። እዚያ የሚሰበሰቡት ከቸርች የወጡ፣ ከሺፍት የወጡ፣ ወደ ሺፍት የሚገቡ ወንዶች ናቸው። ኡበር የሚነዳው ግርማ ገና ከበሩ ሲያያቸው ይነሳል።

"ጋሽ ኮሎምበስ! ኖር! ዛሬስ ምን አገር አገኙልን?"

"ኮሎምበስ አትበለኝ ብዬሃለሁ። የደረሰበትን ሳያውቅ የሞተ ሰው ነው።"

"እሺ፣ ጋሽ ማጄላን።"

"እሱ ደግሞ ሳይመለስ የቀረ ነው።"

"ኧረ ከአሳሾቹ ውስጥ በሰላም ቤቱ የገባ አንድ ሰው ይስጡንና እሱን እንበልዎ!"

ካፌው ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ፣ በአፍንጫቸው ብቻ። አንድ ቀን ግርማ፣ "እንደው በመርከብ ዘመንዎ አዲስ አገር አላገኙም?" ሲላቸው፣ "ሰው ያልነበረበት አገር ደርሼ አላውቅም" አሉት። "የትም ስደርስ ሰው አለ፣ ቆሞ ያየኛል። እነዚያም አገኘን ያሉት የሰው ቤት ነው።" ከዚያ ሻያቸውን ጨርሰው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ ተነሱ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀምጠው አያውቁም። የሚጠብቃቸው ሰው ያለ ያስመስሉ ነበር። ይህን የምጽፈው በቀኝ ገጽ ነው።

ሥራ ያቆሙት ሰባ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ወደቡ አጠገብ ካለ መናፈሻ ነበር፤ ክሬኖቹም መርከቦቹም ከዚያ ይታያሉ። ደብተሩ አብሮ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የበልግ ወራት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ባይኖኩላሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ፣

"ጋዜጠኛው፣ ሰው መፈለግ ታውቃለህ አይደል?" አሉኝ።

"ሥራዬ ነው።"

"አንድ ሰው ፈልግልኝ። ዮናስ ሽፈራው። ልጄ ነው።"

ልጅ እንዳላቸው በአሥር ዓመት ውስጥ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። "መርከበኛ ልጁን ዮናስ ይላል?" አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

"የመርከቡ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ነበር። ባሕር ላይ ይጣላል ብለው ሳቁብኝ።" ባይኖኩላሩን አወረዱ። "እኔ ነኝ የጣልኩት።"

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው እዚህ የቀሩት። እናቱ ስትሞት እህታቸው ቢሾፍቱ አሳደገችው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲጽፉ የዚህ አገር መርከብ ላይ ካፒቴን ሆኛለሁ አሉ።

"በሦስት ወር ውስጥ እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰርተፊኬቱ ነበረኝ። ፈተናውን አልፋለሁ ብዬ ነበር። አላለፍኩም። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ማስተካከል ነበረብኝ። አላስተካከልኩም። ከዚያ መርከቧን አሳደግኳት። ቀለሟን ጻፍኩለት፣ የመርከበኞቿን ብዛት ጻፍኩለት፣ የምትቆምበትን ወደብና በር ጻፍኩለት። ና ውሰደኝ ሲለኝ ባሕር ላይ ነኝ እለዋለሁ። ስደውል ቁጥሬ አይታይም፤ በሳተላይት ነው የምደውለው ብዬዋለሁ።"

ልጁ በራሱ ዲቪ ደርሶት መጣ። ለአባቱ አልነገረም፤ ሊያስደንቃቸው ፈልጎ ነው ብለው ይገምታሉ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁሉም ሰው ማስክ በሚያደርግበት ጊዜ፣ አራተኛው በር ላይ በእግሩ የመጣ ወጣት ቆመ። ካፒቴን ሽፈራው የሚባሉ ሰው እፈልጋለሁ አለ፣ በእንግሊዝኛ። በእጁ ካለው ፎቶግራፍ ላይ የባሕር መኮንን የማዕረግ ልብስ የለበሰ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው አለ። መታወቂያውን በመስታወቱ ስር አሳለፈ።

"ስሙን አነበብኩ። አድራሻውን ሳላነብ መለስኩለት። ጃኬቴ እስከ አንገቴ ተዘግቷል፣ ማስክ አድርጌያለሁ፣ ኮፍያ አድርጌያለሁ። እሱም ማስኩን አላወለቀም። ዓይኑ የእናቱ ነው።"

"ምን አሉት?"

"በዚህ ስም የሚጠራ ካፒቴን እዚህ የለም አልኩት። በእንግሊዝኛ። እውነት ነው ደግሞ። የለም።"

"ከዚያስ?"

"ስሙንና ሰዓቱን በእንግዳ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ደንቡ ነው፣ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ይሰጣል። አመሰግናለሁ ጌታዬ ብሎኝ ሄደ። በእግሩ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ደብዳቤም ስልክም አቆሙ። ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ደህና መሆኑን አይቼ እንድነግራቸው። እንዳልነግረው ቃል አስገቡኝ። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ ቃል ከሰጠሁ አላፈርስም። ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚያ ነው።

ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሳኒቬል፣ የኮምፒውተር ሰርቨሮች በሚቀመጡበት ሕንፃ ቴክኒሽያን ነው። ሚስት አለችው። ልጅ አለችው፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት። ሳን ሆዜ አንድ የኢትዮጵያውያን ግሮሰሪ ውስጥ ዳይፐርና በርበሬ ሲገዛ አየሁት፣ ሳልጠጋ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ለጋሽ ሽፈራው ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ደብተሩን አወጡ። እርሳሱን ይዘው ትንሽ አሰቡና በቀኙ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

"ይሄማ የታየ ነገር ነው" አልኳቸው። "በግራ ይግባ። በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"አንተ ነህ ያየኸው። እኔ አላየሁም።"

"ታዲያ ልንገረው?"

"ቃል ሰጥተኸኛል።"

"ሰጥቻለሁ።"

"እኔ እጽፍለታለሁ። ጀምሬያለሁ። ግን ገና ሁለት መስመር ሳልሄድ አሳምሬ አገኘዋለሁ። እቀደዋለሁ። እንደ አዲስ እጀምራለሁ።"

ይህ የሆነው ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ "ደብዳቤውስ?" እላለሁ፤ "እየተጻፈ ነው" ይላሉ። አባትየው የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ልጅየው የት እንዳለ አውቃለሁ፣ በመሃላቸው ያለውን መንገድ በሳምንት ሁለቴ እነዳዋለሁ። ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ቃል አክባሪ ነኝ እላለሁ፤ ያ እውነት ነው። የቀረውን አንባቢ በፈለገው ገጽ ይጻፈው።

ማክሰኞ ከማናጀሯ ጋር ተነጋግሬ እንደጨረስኩ ደወልኩ።

"ዮናስ ነው?"

"አዎ፣ ነኝ።"

"አታውቀኝም። የምደውለው ስለ አንድ ሰው ነው፣ ኦክላንድ ወደብ ይሠሩ ስለነበሩ—"

"አባቴ ነው" አለ። ከዚያ፣ "ሞተ?"

ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ማን ማለትህ ነው አላለኝም። ስልኩን ዘግቼ ይህን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ በግራ በኩል።

ቀብሩ ላይ አሥራ አራት ሰው ነበርን። ግርማ የካፌውን ሰዎች በሁለት መኪና ጭኖ አመጣ። ምንም ቀልድ አልቀለደም። ቀብሩ ሲያልቅ ወደ ዮናስ ቀርቦ፣ "እኔ እኮ ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ" አለው። ዮናስ እጁን ያዘውና፣ "ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ግርማ አንገቱን ደፋ። "ጋሽ ኮሎምበስ" አለ።

በማግስቱ ከዮናስ ጋር አፓርትመንቱን ልናስረክብ ገባን። ብዙ የሚሰበሰብ ነገር አልነበረም። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል የዞረ አንድ ወንበር። ሁለተኛ ወንበር ስላልነበረ ዮናስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ደብተሮቹ በመደርደሪያው ላይ በየዓመታቸው ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ "ልጄ ዮናስ፣" ብሎ የሚጀምር ወረቀት አገኘን። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ያን የወደብ ቀን ፈልጌ ከፈትኩለት። ማየት የሚገባው መስሎኛል። በግራው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "09:47። በእግር የመጣ። ዮናስ ሽፈራው። ካፒቴን ሽፈራውን ይፈልጋል። የለም ተባለ። ጭጋግ፣ እስከ መንገዱ ማዶ ብቻ ይታያል።" የቀኙ ገጽ ባዶ ነው። ከግርጌው፦ "ያነጋገርነው፦ ዮናስ።"

ዮናስ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ቦርሳውን ከኪሱ አወጣና ከመታወቂያው ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ ቢጫ ወረቀት ሳበ። የአራተኛው በር የእንግዳ ወረቀት ነው። ስሙና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ጣቱን ከሰዓቱ መጨረሻ ላይ አደረገ።

"ይህቺን ሰባት አዩዋት? ወገቧ ላይ የተቆረጠች። አክስቴ ዘንድ በሣጥን ሙሉ ደብዳቤ ነበረ፣ ሁሉም ላይ ቀን አለ። ልጅ ሆኜ እንደሱ ልጽፍ ብዬ ሰባትን እየቆረጥኩ አስተማሪ መትታኛለች።"

"ታዲያ አውቀሃቸው ነበር?"

"ወረቀቱን ሰጥቶኝ ዞር ስል ነው ያየሁት። መንገዱ መሃል ቆምኩ።"

"ለምን አልተመለስክም?"

ወረቀቱን መልሶ አጠፈ።

"ተመልሼ ምን ልበለው፣ ጋሼ? አባዬ ካልኩት እኮ ካፒቴን አይደለህም፣ ዋሽተኸኛል ማለቴ ነው። በሥራ ቦታው፣ ሾፌሮች ቆመው እያዩ። አባት ነው። እንዴት አድርጌ አሳፍረዋለሁ? እሱ መጀመሪያ ይናገር ብዬ ተውኩት። ከዚያ ደግሞ መደወል ሲያቆም፣ አልፈለገኝም ማለት ነው አልኩ።"

"ከዚያ በኋላ አላየሃቸውም?"

"አይቼዋለሁ እንጂ። መኪና ከገዛሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አደርግና እቀመጣለሁ። ይወጣል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይገባል፣ ይጽፋል። ዛሬስ እወርዳለሁ እላለሁ። ከዛሬ ዛሬ ይጠራኛል እላለሁ። ልጄ ከተወለደች በኋላ እሷንም ይዤ ሄጃለሁ፣ ከኋላ ትተኛለች። ከዚያ አንድ ቀን ብሄድ በሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሪታየር አድርጓል አሉኝ። የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም።"

"ምን ዓይነት መኪና ነው?"

የጠየቅኩት ከልማድ ነው። ሰው መኪና ካለኝ ዓይነቱንና ቀለሙን እጠይቃለሁ።

"ግራጫ ኮሮላ።"

ተነሳሁ። ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን ማናጀሯ ክፍሉን ከፍታልኝ ደብተሮቹን ሳገላብጥ አንድ መኪና ደጋግሞ ሲመጣ አይቼ አልፌዋለሁ። የጭነት መኪና ስላልሆነ ነው ያለፍኩት። የመጨረሻውን የሥራ ዓመታቸውን ደብተር አውርጄ ቅዳሜዎቹን ፈለግኩ። አሉ። ሁሉም አሉ። አንዱን ከፍቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

በግራው ገጽ፦ "14:07። ግራጫ ኮሮላ፣ ከማዶ፣ እንደ ባለፈው ቅዳሜ። ሾፌሩ አልወረደም። ፊቱ አይታይም፣ መስታወቱ ያንፀባርቃል። ከኋላ የሕፃን መቀመጫ አለ። 14:47 ሄደ።" ከግርጌው፦ "ያነጋገርነው፦ የለም።"

ዮናስ ገጹን አነበበ። የደብተሩን ሥርዓት አልነገርኩትም ነበር። ነገርኩት፤ ያዩት በግራ፣ የመሰላቸው በቀኝ።

ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኙ ገጽ አሻገረ። እዚያ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ድምፁን አውጥቶ አነበባቸው።

"ሰው የሚጠብቅ ይመስለኛል። የሚጠብቀው ሰው አርፍዷል።"